በከባድ በረዶ ወቅት የካውንስል መሪ ለሠራተኞች የሚልከው መልእክት እንዴት ይዘጋጃል?

በብሪታንያ ሌሊቱን ከባድ በረዶ ሲጥል ያደረ እንደሆነ፣ በአካባቢ ምክር ቤት፣ በተለምዶ ካውንስል በምንለው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ዛሬ ሥራ ይግባ ወይስ ይቅር፣ ከቀረ ደመወዙ ምን ይሆናል፣ ቀጣዩን መረጃስ መቼና በምን መንገድ ያገኛል። የካውንስሉ መሪ መልእክት እነዚህን ጥያቄዎች ካልመለሰ፣ ምስጋናው የቱንም ያህል ከልብ የመነጨ ቢሆን ሠራተኛውን ከጭንቀት አያወጣውም። የሚከተለው ምክር እንዲህ ያለውን መልእክት ለሚያረቅቅ፣ እንዲሁም አማርኛ ተናጋሪ ለሆኑ የሥራ ባልደረቦቹ ለሚተረጉም ሰው የተጻፈ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የካውንስል መሪ በሕዝብ የተመረጠ ፖለቲከኛ ነው፤ ሠራተኞችን በበላይነት የሚመራው ግን በ1989 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መሠረት የተሾመ ኃላፊ ሲሆን፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ነው። ስለዚህ የመሪው መልእክት ለየትኞቹ አገልግሎቶች ቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ ሠራተኛው ምን ድጋፍ እንደሚያገኝ የሚገልጽ ይሁን፤ የትኛው ቢሮ እንደሚዘጋና ማን እንደሚሰማራ የሚወስነው ትእዛዝ ከሥራ አስፈጻሚው ይምጣ። ሁለቱ ጽሑፎች ከመላካቸው በፊት ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል፤ በበረዶ ቀን እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት መልእክቶች ከዝምታ የባሰ ጉዳት ያደርሳሉና።

የአየር ሁኔታውን በተመለከተ ሜት ኦፊስ፣ ማለትም የብሪታንያ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት፣ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ከነሰዓቱና ከነአካባቢው መጥቀስ ይገባል። ቢጫ፣ አምበር (ብርቱካናማ) እና ቀይ የተባሉት ደረጃዎች የሚወሰኑት በበረዶው መጠን ብቻ ሳይሆን፣ አደጋው የመድረስ ዕድሉና ቢደርስ የሚያስከትለው ጉዳት ተጣምረው ታይተው ነው። በመሆኑም ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ መድረሱ እርግጥ ሊባል የሚችል ቀላል ችግርን ወይም የመድረስ ዕድሉ አነስተኛ የሆነ ከባድ አደጋን ሊያመለክት ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አስፈላጊ ነው። ቀይ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ነውና ለአሻሚ አነጋገር ቦታ የለውም። በ2018 ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች መጀመሪያ ከምሥራቅ የመጣው ብርቱ ቅዝቃዜ በስኮትላንድ፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝና በደቡብ ዌልስ ቀይ ማስጠንቀቂያ አስከትሎ ነበር።

ስለ መንገድ የሚጻፈው ክፍል ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሠራተኛው ሕይወቱን የሚያሳርፈው በዚህ ቃል ላይ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የ1980ው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ፣ መንገድን የሚያስተዳድረው አካል በተቻለ መጠን በረዶ የመንገደኛውን ደኅንነት አደጋ ላይ እንዳይጥል እንዲያደርግ ያስገድዳል። ይህ ማለት ግን በሁሉም መንገድ ላይ በረዶውን የሚያቀልጠው ጨው ይበተናል ማለት አይደለም። ካውንስሎች አስቀድመው የሚመርጧቸው ዋና ዋና መንገዶችን፣ የአውቶቡስ መስመሮችንና ወደ ሆስፒታል የሚወስዱትን ነው፤ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች ብዙውን ጊዜ ሳይነኩ ይቀራሉ። ጨውም ቢሆን በደንብ የሚሠራው የመኪና ጎማ ሲያሽከረክርበትና ሲፈጨው ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 8 ወይም 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ደግሞ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። «መንገዶች ሁሉ ጨው ተበትኖባቸዋል» ብሎ መጻፍ፣ ከንጋቱ በፊት ወደ አንድ አረጋዊት ቤት የምትሄደውን ተንከባካቢ የውስጥ ለውስጡን መንገድ አምና እንድትገባበት ማድረግ ነው። ጨው የተበተነባቸውን መንገዶች መዘርዘር፣ ያልተበተነባቸውንም በግልጽ መናገር ይሻላል።

ቀጥሎ ማን እንደሚሰማራ ይጻፋል። «ወሳኝ ሠራተኞች» የሚለው አጠራር ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ ራሱን የሚያገኝበት የሥራ መደብ በስሙ ይጠቀስ። በቤት ለቤት እንክብካቤ የተሰማሩት ብዙዎች በካውንስሉ ሳይሆን ውል በያዙ ድርጅቶች የተቀጠሩ በመሆናቸው፣ መልእክቱ ለእነርሱም እንዲደርስ ማድረግ የመሪው ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራቸው የሚሠራው ለካውንስሉ ነዋሪዎች ነውና። ትምህርት ቤት በድንገት ሲዘጋ ልጁን የሚጠብቅለት ያጣ ወላጅ ደግሞ በ1996ቱ የሥራ ስምሪት መብቶች ሕግ ምክንያታዊ ለሆነ ጊዜ ከሥራ የመቅረት መብት አለው። ሕጉ ግን አሠሪው ለቀረበት ጊዜ ደመወዝ እንዲከፍል አያስገድድም። ስለዚህ ካውንስሉ ይከፍል እንደሆነ፣ ወይም ቀኑ ከዓመት ፈቃድ ይቀነስ እንደሆነ ሳይሸፋፈን ሊነገር ይገባል።

ወደ አማርኛ ሲተረጎም ሁለት ነገሮች ስሕተት ያስከትላሉ። አንደኛው «በረዶ» የሚለው ቃል ነው፤ በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ የሚጋገረውንም እንጠራበታለን። ለነጩ ክምር «አመዳይ»፣ በሌሊት ለሚያርፈው ስስ ንጣፍ «ውርጭ» ማለት ይቻላል፤ የደብረ ብርሃንን ጥር ያሳለፈ ሰው ውርጭን ያውቀዋል። አስፋልት ላይ የማይታየውን ግን «ከመሬቱ ተለይቶ የማይታይ፣ የሚያንሸራትት በረዶ» ብሎ ማብራራት ያሻል። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበው ሰዓት ነው። «በ6 ሰዓት ተገኙ» የሚለው በእኛ አቆጣጠር እኩለ ቀን ሆኖ ሊነበብ ስለሚችል፣ «በብሪታንያ አቆጣጠር 06፡00፣ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ።

ሙሉው መልእክት ከአንድ የስልክ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ለምሳሌ፦

«ውድ ባልደረቦቻችን፤ ለዛሬ እስከ ምሽቱ 18፡00፣ በእኛ 12 ሰዓት፣ የአምበር ደረጃ የበረዶ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። በቢሮ የምትሠሩ ሁሉ ከቤታችሁ ሥሩ። በቤት ለቤት እንክብካቤ፣ በመንገድ ጥገናና በመጠለያ አገልግሎት የተመደባችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ለቅርብ ኃላፊያችሁ ደውሉ፤ መንገዱ አደገኛ ከሆነ አትውጡ፣ በመቅረታችሁም ደመወዛችሁ አይነካም። ዋና ዋና መንገዶች ጨው ተበትኖባቸዋል፤ የሰፈር ውስጥ መንገዶች አልተበተነባቸውም። ቀጣዩ መልእክት በ14፡00፣ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በስልካችሁ ይደርሳችኋል።»

የሥራ ስምሪቱ ትእዛዝና የደመወዙ ቃል በመሪው መልእክት የሚገቡት ሥራ አስፈጻሚው ካጸደቃቸው ብቻ ነው። የተባለው የቀጣይ መልእክት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ አዲስ ነገር ባይኖርም «ለውጥ የለም» ብሎ መላክ ግድ ነው፤ በዝምታው መካከል ወሬ ይገባልና።

መላኪያውም ይታሰብበት። በኖቬምበር 2021 አርወን የተባለው ማዕበል ሰሜን እንግሊዝንና ስኮትላንድን ሲመታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ተቋርጦባቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም ከሳምንት በላይ በጨለማ ቆይተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኢሜይል ለብዙዎች ስለማይደርስ፣ አጭር የስልክ መልእክትና እያንዳንዱ የቡድን ኃላፊ የሚደውልላቸው ሰዎች ዝርዝር በወረቀት ታትሞ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። መብራት ለጠፋበት ሠራተኛ የሚጠቅመውን 105 የተባለውን ነፃ የስልክ ቁጥርም መጨመር ተገቢ ነው።

በረዶው ቀን ሲቀልጥ ሥራው ያበቃ የሚመስላቸው አሉ፤ የቀለጠው ውኃ ግን ሌሊት ተመልሶ ይጋገራል። ስለዚህ የማታ ተረኞች የሚወጡበት ሰዓት ከመድረሱ በፊት አንድ ተጨማሪ መልእክት ይላክ፤ እያንዳንዱ ኃላፊም ቀን ያሰማራቸው ሰዎች በሙሉ በደኅና ቤታቸው መግባታቸውን አንድ በአንድ ደውሎ ያረጋግጥ።