ካቢኔቱ ያበጠው በቧንቧው ነው፦ ራሳችን በሠራነው ኩሽና የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ቤቱን ራሱ ቆሞ ያሠራ ሰው ኩሽናው ጋ ሲደርስ ገንዘቡም ጉልበቱም ተሟጧል። ቧንቧው በወጉ ሳይፈተሽ ካቢኔቱ ይገጠማል። ከወራት በኋላ ጉዳቱ ካቢኔቱ ላይ ይታያል፤ ምንጩ ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባው ነው።

የላቫንዲኖው ካቢኔት ወለል አብጧል

ካቢኔት የሚሠራበት የተጨመቀ የእንጨት ቦርድ፣ ቺፕውድም ሆነ ኤምዲኤፍ፣ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ቦርዱን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ውሃው ከየት እንደመጣ ይታወቅ፤ አለዚያ አዲሱም ያብጣል።

እኔ ቤት ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ቀን ስፈትሽ ሁሉም ደረቅ ነው፤ አንዳንድ ጠዋት ግን ወለሉ ረጥቦ ይገኛል። ነገሩ የገባኝ ጠዋቶቹን ከውሃ ፈረቃው ጋር ሳስተያይ ነው። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ሮቶው ከቧንቧው 3 ሜትር ከፍ ቢል 0.3 ባር ገደማ ብቻ ይሰጣል። የመንገዱ መስመር ሌሊት ሲለቀቅ ግን ግፊቱ የዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሮቶ ውሃ ጠብ ያላለው መገጣጠሚያ ያኔ ያንጠባጥባል።

ስለዚህ ፍተሻው ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ይሁን። በየመገጣጠሚያው ደረቅ ሶፍት ጠቅልላችሁ እደሩ። ጠዋት ከረጠቡት ውስጥ ከሁሉ በላይ ያለው ነው ጥፋተኛው፤ ሌላው ከእሱ የወረደ ነው። ፍሌክሲብሉ (ውሃውን ከግድግዳው ወደ ቧንቧው የሚያደርሰው ተጣጣፊ ቱቦ) ጫፍ ላይ ከሆነ ጎሚኒው ተጣሟል ወይም ደርቋል፤ ቀይሩት። እዚያ ላይ ቴፍሎን መደራረብ አይረዳም፤ ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ጎሚኒው ነው። በእጅ አጥብቃችሁ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል ጨምሩ፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል።

ሶፍቱ ሁሉ ደረቅ ከሆነ ላቫንዲኖውን ሞልታችሁ በአንዴ ልቀቁ። ያኔ ከረጠበ ሲፎኑ፣ ማለትም ከላቫንዲኖው ሥር ያለው የፍሳሽ መታጠፊያ፣ ነው። እሱም ካልሆነ ጠርዙ ዙሪያ ውሃ አፍስሱ፤ ሲሊኮኑ ለቆ ሊሆን ይችላል።

አዲሱን ቦርድ ስትገጥሙ ለቧንቧ የተበሳውንና የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በሲሊኮን ቀቡ። ካቢኔቱም መሬት አይንካ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የፕላስቲክ እግር ይደረግለት። ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃ የሚጠጣ ካቢኔት ብዙ አይቆይም።

ውሃው ይቀጥናል

የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ፍቱ። ውሃው ከበረታ አሸዋ ይዛ ነው፤ ማጠብ ይበቃል። ካልበረታና ሌሎቹ ቧንቧዎች ደህና ከሆኑ፣ ወደ ኩሽና የሚሄደው ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ሲበየድ ከመጠን በላይ ሞቆ ወይም ጠልቆ ገብቶ ውስጡ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በ260 ዲግሪ 5 ሰከንድ ያህል ይሞቃል፣ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ይገባል። የተደፈነውን ቆርጦ በአዲስ ከመተካት ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሽታ ይመጣል

ሲፎኑ ውስጥ ቆሞ መቅረት ያለበት ውሃ የለም ማለት ነው። የሚጣጠፈው ቱቦ ቀጥ ብሎ ከወረደ ሽታውን የሚያግድ ነገር አይኖርም። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ እንዲቋጥር አጥፋችሁ እሰሩት። ቱቦው ግድግዳው ውስጥ የሚገባበትንም ክፍተት ድፈኑ።

በሮቹ አይገጥሙም

ማጠፊያውን ከመነካካት በፊት ውሃ ልክ አስቀምጡ። ሳጥኑ ከተዛነፈ ማጠፊያ አያቃናውም። የፊቱን ማዕዘኖች በሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ሳጥኑ ተጣሟል። እግሮቹን አስተካክሉ፤ ልስኑ ጎርበጥ ካለም ከጀርባው ስስ እንጨት ሰክታችሁ አቃኑት። ከዚያ በኋላ ነው የማጠፊያው ብሎኖች ተራ፦ ለበሩ የሚቀርበው ወደ ግራና ቀኝ፣ ከኋላ ያለው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወስዳል።

የላይኛው ካቢኔት ከግድግዳው እየለቀቀ ነው

ሰሃኑን ዛሬውኑ አውርዱ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ ማስገቢያ) ባዶው ውስጥ ይዞራል እንጂ አይነክስም። ቀዳዳውን አስፍታችሁ በሲሚንቶና በአሸዋ ጠቅጥቁት፣ አንድ ሳምንት ይጠንክር፣ ከዚያ እንደገና ብሱ። ካቢኔቱንም በሁለት ብሎን ብቻ አታንጠልጥሉ፤ በሙሉ ወርዱ ጠንካራ ጣውላ ግድግዳው ላይ በብዙ ቦታ እሰሩና በእሱ ላይ ያዙት። መጀመሪያ ባዶውን በሁለት እጅ ወደ ታች ሳቡት፤ ካልተነቃነቀ ሰሃኑን መልሱ።