ራታቱይ እንደ ኒስ ከተማ ሰዎች፦ እያንዳንዱ አትክልት በተራው

መጀመሪያ ራታቱይ የሠራሁ ቀን አትክልቱን ሁሉ ከትፌ በአንድ ድስት ጨመርሁና ከድኜው ሄድሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ክዳኑን ስገልጥ ግራጫ ደበርጃን የሚዋኝበት የዝኩኒ ሾርባ ጠበቀኝ። ጨው ጨመርሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመርሁ፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጬ በርበሬ ነሰነስሁበት። ያን ጊዜ ጥፋቱ የቅመም መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደገባኝ ጥፋቱ የተራ ነበር።

ራታቱይ ከደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ካለችው ከኒስ ከተማ የመጣ የአትክልት ምግብ ነው። ሥጋ፣ ቅቤና ዱቄት አይገባበትም። ኒስ የፈረንሳይ ግዛት የሆነችው በ1860 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት በሳቮይ ነገሥታት እጅ ስለነበረች ምግቧ ከፓሪሱ ይልቅ ለጣሊያኑ ይቀርባል። በሰሜን ፈረንሳይ ቅቤ የሚይዘውን ቦታ እዚህ የወይራ ዘይት ይይዘዋል። ስሙ ማማሰል ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ ጋር ስለሚዛመድ ደባልቆ ማማሰል ብቻ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። ዝኩኒ ውኃ ይተፋል፣ ደበርጃን ዘይት ይጠጣል፣ ቃሪያ ለመለስለስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቲማቲም ደግሞ ሁሉንም ያረጥባል። ጠባያቸው የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ ለየብቻ ይበስላሉ፤ የሚገናኙት መጨረሻ ላይ ነው።

ስለ ወቅቱ

በኒስ አሮጌው ከተማ ኩር ሳሌያ የሚባል ገበያ አለ። ከሰኞ በስተቀር ጠዋት ጠዋት አትክልትና አበባ ይሸጥበታል፤ ሰኞ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ተራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የእኛ ሰማይ ሲዘንብ የእነርሱ ደረቅና ሞቃት ነው፤ ደበርጃኑ፣ ዝኩኒው፣ ቃሪያውና ቲማቲሙ በአንድ ላይ የሚደርሱትም ያን ጊዜ ነው። ራታቱይ የተወለደው ከዚህ ግጥምጥሞሽ ነው። በጥር ወር ያለ ፀሐይ የቀላ ቲማቲም ገዝቶ መሥራት ይቻላል፤ እኔ ግን ድካሙን አልመክርም።

አውሮፓ ለሚኖር ጾመኛ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ እነዚህ አትክልቶች ገበያው ላይ ረክሰውና በስለው ይጠብቁታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ደግሞ ወሩን ከመቁጠር ይልቅ ቲማቲሙን ማሽተት ይሻላል። እንቡጡ የነበረበትን ጫፍ ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉት፤ ካልሸተተ አይጣፍጥም።

የሚያስፈልገው

ለአራት ወይም ለአምስት ሰው፦ ሁለት መካከለኛ ደበርጃን (ብርንጃል የሚሉትም አሉ)፣ ሦስት ትንንሽ ዝኩኒ፣ ሁለት ትልልቅ የማያቃጥል ቀይ ቃሪያ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ አንድ ኪሎ የሚጠጋ የበሰለ ቲማቲም፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሰባት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት ጦስኝና አንድ እፍኝ በሶብላ።

ዝኩኒው ትንሽ ይሁን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ክንድ የሚያህለው ዝኩኒ መሐሉ ፍሬና ውኃ ነው። በእጃችሁ መዳፍ ልክ ያለውን፣ ቆዳው የሚያብረቀርቀውንና ሲጫኑት የማይጎደጉደውን ምረጡ።

የእኛ ጦስኝ ሽታው ለፈረንሳዩ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ያለ ሐሳብ ተጠቀሙበት። በሶብላችን ግን ከኒሱ ከረር ይላል። ለምለሙን ካገኛችሁ ግማሽ እፍኝ ይበቃል፤ ለሽሮና ለበርበሬ የደረቀውን ግን ተዉት። ጥብስ ላይ የምንጨምረው ሮዝመሪም እዚህ ቦታ የለውም፤ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

አሠራሩ

በደበርጃኑ ጀምሩ፤ ጊዜ የሚፈልገው እርሱ ነው። ሳትልጡ የሁለት ሣንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ አድርጋችሁ ክተፉት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱበትና በወንፊት ላይ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ድሮ ይህ የሚደረገው ምሬቱ እንዲወጣ ነበር፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ደበርጃን እምብዛም አይመርም። የጨው ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ውኃው ሲወጣ ሥጋው ይጠብቅና የሚጠጣው ዘይት ይቀንሳል። ሲጨርስ በንጹሕ ጨርቅ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት።

እርሱ እስኪደርስ ቲማቲሙን አዘጋጁ። ቂጡ ላይ በቢላዋ መስቀል አብጁበት፣ በፈላ ውኃ ለአንድ ደቂቃ ንከሩት፣ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ አዛውሩትና ቆዳውን ግፈፉት። ከዚያ ክተፉት። ዝኩኒውንና ቃሪያውን ከደበርጃኑ እኩል ቁረጡ። ሽንኩርቱን ግን እንደ ወጥ አታድቅቁት፤ ቀጠን አድርጋችሁ በርዝመቱ ሰንጥቁት።

አሁን ሰፊ መጥበሻ ጣዱ። ሦስት ማንኪያ ዘይት አግሉና ደበርጃኑን በአንድ ንጣፍ አስገቡ። ቁራጭ በቁራጭ ላይ ከተደረበ መጠበሱ ቀርቶ በእንፋሎት ይቀቀላል፤ መጥበሻው ጠባብ ከሆነ በሁለት ዙር ሥሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸነፍባት አንዲት ደቂቃ አለች። ደበርጃኑ ዘይቱን በአንዴ መጥጦ መጥበሻው ይደርቃል፤ እጅም ወደ ጠርሙሱ ይዘረጋል። አትጨምሩ። እሳቱን መካከለኛ አድርጋችሁ ጠብቁት፤ ሲለሰልስ የጠጣውን ከፊሉን መልሶ ይተፋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ መሐሉ በሹካ ሲነካ ከተበሳ አውጡት።

በዚያው መጥበሻ በአንድ ማንኪያ ዘይት ዝኩኒውን ጥበሱ። እሳቱ ይበርታ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ወርቃማ መልክ ይያዝ እንጂ አይለስልስ፤ የቀረውን በኋላ ይጨርሰዋል። ጨው አሁን አትጨምሩበት፤ ውኃውን ይጠራዋል።

ቀጥሎ ድስት ጣዱና በቀረው ሦስት ማንኪያ ዘይት ሽንኩርቱን በዝግታ አለስልሱ። ለወጥ ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላት የለመደ እጅ እዚህ መታገሥ አለበት፤ ዘይቱ ከመጀመሪያው ይገባል፣ ሽንኩርቱም መቅላት የለበትም። ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን ቃሪያውን ጨምሩና አሥር ደቂቃ አብስሉ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱን አንድ ደቂቃ፣ ቀጥሎም ቲማቲሙን፣ ጦስኙን፣ ጨውንና ቁንዶ በርበሬውን። ቲማቲሙ ኮምጣጣ ከሆነ ቁንጥር ስኳር ነውር የለውም። ሳይከደን ሩብ ሰዓት ያህል ይንተክተክ።

መረቁ ወፈር ሲል ደበርጃኑንና ዝኩኒውን መልሱ። እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት፣ ሃያ ደቂቃ ተዉት። በዚህ ጊዜ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ከሥር ወደ ላይ በቀስታ ገልብጡ። እንደ ወጥ ካማሰላችሁት ደበርጃኑ ይፈርስና ገንፎ ይሆናል። መድረሱን ለማወቅ ማንኪያውን የድስቱ ሥር ላይ ጎትቱት፦ መንገዱ ለአንድ አፍታ ደረቅ ሆኖ ከቆየና መረቁ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ወዲያው ከሞላው መረቁ ገና ቀጭን ነው፤ ክዳኑን አንሱና ጥቂት ይቆይ።

በሶብላውን በእጃችሁ ቀንጥሳችሁ የምትጨምሩት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። እሳት ሽታውን ያበነዋል።

ዘይት ለመቀነስ ለምትፈልጉ

ምድጃ ካላችሁ ደበርጃኑንና ዝኩኒውን በሁለት ማንኪያ ዘይት አሽታችሁ በሰፊ ትሪ ዘርጉና በ210 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ጋግሩት፤ መሐል ላይ አንዴ አገላብጡት። ከጠቅላላው ዘይት ሁለት ማንኪያ ያህል ይተርፋል። ጣዕሙ ትንሽ ይለያል፣ የከፋ ግን አይደለም። አትክልቱን በስሱ ቆርጦ በክብ የመደርደር ነገርም አለ፤ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ነገር ግን እርሱ በፕሮቫንስ ቲያን ለሚባለው የሸክላ ዕቃ ምግብ የሚቀርብ አሠራር ነው።

አበላሉ

እንደወጣ አትብሉት። ለብ እስኪል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ በሙቀት ጣዕሙ ይደበቃል። የሚሄደው ከዳቦ ጋር ነው። ከእንጀራ ጋር ሞክሬዋለሁ፤ የቲማቲሙና የእንጀራው ኮምጣጣነት ተደራርቦ አልወደድሁትም። ድፎ ዳቦ ግን መረቁን ሲጠጣ ሌላ ነገር ነው። ጾም ካልሆነ ከተጠበሰ ዓሣ አጠገብ ይቀርባል፤ ወይም በትንሽ መጥበሻ አሙቃችሁ መሐሉን ጎድጎድ አድርጉና እንቁላል ሰብራችሁ ክደኑት፤ አስኳሉ ሳይጠነክር አውርዱ።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ በሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጣፍጣል። ያን ቀን አታሙቁት። ከመብላታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት፣ ጥቂት ሎሚ ጭመቁበት፣ ከትናንት የተረፈች በሶብላ ካለች ጣል አድርጉበት።