ለተማርንበት የሴቶች ትምህርት ቤት መዋጮ ማደራጀት፦ ለድሬዳዋ የቀድሞ ተማሪዎች

በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት አብረው ያደጉ ሴቶች ከብዙ ዓመት በኋላ ሲገናኙ «ለትምህርት ቤታችን ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ምሳ ተበልቶ ቡና ሲፈላ ነው። በዚያ ሰዓት ብዙ ቃል ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ ባንክ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው። ስለዚህ መዋጮው ከመገናኛው ቀን ስድስት ወር ቀድሞ ቢጀመር፣ ዕለቱ ደግሞ ገንዘብ የሚለመንበት ሳይሆን የተሰበሰበውና የተሠራው የሚነገርበት ቢሆን ይሻላል።

የመጀመሪያው ሥራ መጠየቅ ነው። እኔ የነበርኩበት ኮሚቴ በመጀመሪያው ዓመት ማንንም ሳይጠይቅ ኮምፒውተሮች ገዛ፤ የሚቀመጡበት ክፍል የኤሌክትሪክ መስመር ስላልተዘረጋለት ዕቃው ከነካርቶኑ አንድ ሙሉ ዓመት መጋዘን ውስጥ ከረመ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግንቦት ወይም በሰኔ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ሦስት ሆነን ትምህርት ቤቱን እንጎበኛለን። ርእሰ መምህሯን ብቻ ሳይሆን የሴት ተማሪዎች ክበብ ኃላፊዋን፣ የወላጅ መምህር ኅብረት አባላትን፣ የጽዳት ሠራተኞችንና የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋንም እናነጋግራለን። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ረጅም ዝርዝር ያመጣል፤ «ልጆቹ በወር ስንት ቀን ይቀራሉ፣ የሚቀሩትስ ለምንድን ነው?» ብሎ የስም መጥሪያ መዝገቡን አብሮ ማየት ግን እውነተኛውን ችግር ያወጣል።

መልሱ ብዙ ጊዜ ውኃና የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ነው። የድሬዳዋ ውኃ ኖራ ስለሚያጋግር ቧንቧና ቫልቭ በቶሎ ይደፈናል፤ ስለዚህ ለመታጠቢያ ክፍል ግንባታ የሚዋጣ ገንዘብ ለየዓመቱ ጥገና የሚሆነውንም ካልያዘ ሥራው ብዙ አይቆይም። ንጽሕና መጠበቂያውን በተመለከተ ስሌቱን በግልጽ ማስቀመጥ ሰጪዎችን ያበረታታል፦ 150 ተማሪዎች ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት 10 ወራት በወር አንድ አንድ እሽግ ቢያስፈልጋቸው በዓመት 1,500 እሽግ ይሆናል፤ 50 የቀድሞ ተማሪዎች ቢካፈሉት የአንዷ ድርሻ በትምህርት ወራት በወር 3 እሽግ ነው። ቃል የሚገባው በብር ሳይሆን በእሽግ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ዋጋ በጨመረ ቁጥር በብር የተገባ ቃል እየሳሳ ይሄዳልና።

ቀኑን መምረጥ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ብዙ ሰው ወደ አካባቢያችን ስለሚመጣ፣ የድሬዳዋ ሙቀትም በዚያ ወር ስለሚለዝብ፣ ከንግሡ በኋላ ያለውን ቅዳሜ መያዝ ለብዙዎች የጉዞ ወጪን ያስቀራል። ሆቴሎች ስለሚሞሉ ግን ማረፊያ አስቀድሞ መያዝ፣ ካልተገኘም እንግዶችን በየቤቱ መደልደል ያስፈልጋል። ወቅቱ የገና ጾም መሆኑ ደግሞ እኛን ጠቅሞናል፦ ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛሞች የታረደ ሥጋ ከአንድ ማዕድ ስለማይበሉ ሁለት ወጥ ቤት ማዘጋጀት ይጠይቅ የነበረው ድግስ በጾም ምግብ አንድ ማዕድ ሆነ፤ የተረፈውም ወጪ ወደ መዋጮው ገባ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ታኅሣሥን እንዳይነካ የዓመቱን አቆጣጠር ማየት ተገቢ ነው። ሐረር ላይ የምታዘጋጁ ከኢድ አልፈጥር በሳምንቱ የሚከበረውን ሹዋሊድን ብታስቡ የተወላጆች መሰብሰቢያ ጊዜ ነው።

ገንዘቡ የሚሰበሰበው በየምረቃ ዓመቱ፣ ሁላችንም እንደምንለው በየባቹ፣ ቢሆን ይቀላል። እያንዳንዱ ባች አንዲት ተጠሪ ይመርጣል፤ ተጠሪዋም እንደ ዕቁብ ጸሐፊ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ትሰበስባለች። በጉባኤ ፊት የሚነበበው የባቹ ድምር እንጂ የእያንዳንዷ ስምና መጠን መሆን የለበትም፤ መስጠት ያልቻለች እኅት በሚቀጥለው ዓመት ከመምጣት እንድትቀር የሚያደርጋት ይህ ንባብ ነውና። አጥብቄ የምናገረው ሌላ ነገር አለ፦ በስምንተኛ ወይም በዘጠነኛ ክፍል ተድረው ወይም ቤተሰብ ለመርዳት ሲሉ ያቋረጡትን ጥሩ። የምረቃ ፎቶ ላይ ባይኖሩም አብረውን የተማሩ ናቸው፤ ልጅን ከትምህርት ገበታ የሚያስቀረው ምን እንደሆነም ከማናችንም በላይ ያውቃሉ።

መዋጮው በአንዲት ሴት ስልክ፣ በቴሌብርም ቢሆን፣ መከማቸት አይገባውም፤ ታማኝነቷ ባይጠረጠርም ብትታመም ወይም ብትሄድ ገንዘቡ ይታገታል። ሦስት ፈራሚዎች ያሉት፣ ሁለቱ ካልፈረሙ የማይንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈት። ጅቡቲ፣ ዓረብ አገርና ካናዳ ያሉ እኅቶችም ወደዚሁ ሒሳብ በባንክ ይላኩ። መገናኛው ወደ ቋሚ ማኅበር ካደገ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ ድሬዳዋ ላይ የሚቋቋም ማኅበርም የሚተዳደረው በዚህ የፌዴራል አዋጅ ነው። ለትምህርት ቤቱ የምታስረክቡት ዕቃ ሁሉ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ይደረግ፤ ቅጂውም በኮሚቴው እጅ ይቆይ፤ በሞዴል 19 ያልገባ ዕቃ ኃላፊ ሲቀየር የት እንደደረሰ የሚናገር አይገኝም።

በርክክቡ ጊዜ ተማሪዎችን አሰልፎ እሽግ እያስያዙ ፎቶ ማንሳት ይቅር። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ በዚያ ሰልፍ ቆማ የሚሰማትን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዕቃው በክበቡ ኃላፊ መምህርት ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ የፈለገች ሁሉ ምክንያት ሳትናገር፣ ስሟም ሳይመዘገብ ትውሰድ፤ መምህርቷ የምትመዘግበው የወጣውን ብዛት ብቻ ይሁን።

በሰኔ መጨረሻ ተጠሪዎቹ ለየባቻቸው አንድ ገጽ ሪፖርት ይላኩ፦ ስንት ብር ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት እሽግ ተወሰደ፣ የትኛው ቧንቧ ተጠገነ፣ ልጆቹ ከትምህርት የቀሩባቸው ቀናት ቁጥር ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር እንዴት ሆነ። ያልተሳካውም በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ። ይህ ገጽ ሳይደርሳት ማንንም እኅት ለአዲሱ ዓመት መዋጮ አትጠይቁ።