ክሪሚናል ፕሮፋይለር መሆን የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር? ደሞዙስ?

በፊልም የምናየው ፕሮፋይለር ወጣት ነው፣ ግድያ ወደተፈጸመበት ቤት ገባ ብሎ ግድግዳውን አየት ያደርግና የገዳዩን ጠባይ ይዘረዝራል። ይህን እያሰባችሁ አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ልትመርጡ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የፌደራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ውስጥ «ፕሮፋይለር» የሚባል የሥራ መደብ የለም። ሥራውን የሚሠሩት ቨርጂኒያ ኳንቲኮ ባለው የባህሪ ትንተና ክፍል የተመደቡ ነባር ኤጀንቶች፣ ማለትም የቢሮው መርማሪዎች ናቸው። ስለዚህ የምታመለክቱት ለኤጀንትነት ነው፤ ሌላው ከዓመታት በኋላ ይመጣል።

ለኤጀንትነት የአሜሪካ ዜግነት ግዴታ ነው፣ ግሪን ካርድ አይበቃም። በዲቪ መጥቶ ዜግነት የወሰደ ሰው ግን እዚያው ከተወለደው እኩል ያመለክታል። ዕድሜ ቢያንስ 23፣ 37 ሳይሞላ። እዚህ ላይ ብዙ አበሻ ይቀደማል፤ በ30 ዓመቱ የመጣ ሰው ዜግነት የሚያገኘው 35 ገደማ ነው፣ የቅጥሩ ሂደት ደግሞ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የአራት ዓመት ዲግሪ ያስፈልጋል፣ በማንኛውም ትምህርት። ሳይኮሎጂ የግድ አይደለም፤ አካውንቲንግም፣ ሕግም፣ ኮምፒውተርም ይሆናል። ከዚያ የሁለት ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ልምድ፣ ማስተርስ ላለው አንድ ዓመት። የሩጫና የፑሽ አፕ ፈተናም አለ።

ሰው የሚያቅለው፣ እኔ ግን አጥብቄ የምነግራችሁ የጀርባ ምርመራውን ነው። ኤስኤፍ 86 የሚባል ረጅም ቅጽ አለ። ያለፉት 10 ዓመታት የኖራችሁባቸው ቤቶች፣ የሠራችሁባቸው ቦታዎች፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ፣ ሁሉም ይጠየቃል። የአሜሪካ ዜጋ ላልሆነ ሰው የገንዘብ ድጋፍ አድርጋችሁ ታውቁ እንደሆነም ይጠይቃል። ለእናቱ በየወሩ የማይልክ ማን አለ? መላኩ በራሱ አይጥላችሁም፣ መደበቁ ግን ይጥላችኋል፣ የውሸት መመርመሪያው ፖሊግራፍም ይጠብቃችኋል። ስለዚህ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው ድርጅት ላኩ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ በሰው በኩል የተላከ ብር ሲጠየቅ የሚያስረዳላችሁ ወረቀት የለውም። ታክስ ሳትሞሉ ያለፋችሁት ዓመት ካለ አስተካክሉ። የተማሪ ብድር አታበላሹ። ከማመልከታችሁ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ማሪዋና፣ በ10 ዓመት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕገወጥ ዕፅ ተጠቅማችሁ ከሆነ አይሆንም።

ካለፋችሁ ኳንቲኮ ለወራት ትሠለጥናላችሁ፣ ከዚያ ቢሮው ወደፈለገበት ከተማ ይልካችኋል። ወደ ባህሪ ትንተና ለመዛወር ቢያንስ ሦስት ዓመት ኤጀንት ሆኖ መሥራት ይጠበቃል፣ በተግባር የሚመረጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት የሠሩ፣ ግድያና አስገድዶ መድፈር የመረመሩ ናቸው። የዕለት ሥራው ደግሞ በር መስበር አይደለም። የአንድ ትንሽ ከተማ ፖሊስ ያልተፈታ መዝገብ ይልካል፤ የአስከሬን ምርመራው፣ ፎቶዎቹ፣ የምስክር ቃሉ ቁልል ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አንብባችሁ፣ ተከራክራችሁ፣ ተጠርጣሪው እንዴት ቢጠየቅ እንደሚሻል ትመክራላችሁ። የሕፃናት ጉዳይም አለበት። ልባችሁ ይህን ይችል እንደሆነ ከወዲሁ አስቡበት፤ ከባድ ነው።

ደሞዝ? ለፕሮፋይለር ተብሎ የተለየ ደሞዝ የለም። ኤጀንት በፌደራል እርከን ጂኤስ 10 ይጀምርና ኃላፊ ሳይሆን እስከ 13 ይደርሳል፤ እንደ ከተማው ኑሮ ውድነት ይጨመርለታል፣ በተፈለገበት ሰዓት ስለሚሠራም 25 በመቶ ይታከልለታል። ለማነጻጸር ያህል፣ በ2023 የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባወጣው መሠረት ከመርማሪዎችና ዲቴክቲቮች ግማሹ በዓመት ከ91,100 ዶላር በላይ አግኝቷል። ጡረታ በ57 ግዴታ ነው።

37 ያለፋችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የኤፍቢአይ የመረጃ ተንታኝነት ይህ የዕድሜ ጣሪያ የለበትም። በየካውንቲው ፖሊስ ውስጥም የወንጀል ተንታኞች አሉ፣ መሣሪያ አይታጠቁም፣ ግን ተከታታይ ወንጀሎችን የሚያገናኙት እነሱ ናቸው። ሳይኮሎጂውን የምትወዱ ደግሞ ፎረንሲክ ሳይኮሎጂስት ሁኑ፤ ዶክትሬትና ላይሰንስ ይጠይቃል፣ ረጅም ነው፣ ግን ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ፍርድ ቤት መቆም ይችል እንደሆነ የሚመረምረው እሱ ነው።

ኮሌጅ ያላችሁ ዜጎች፣ ነጥባችሁ 3.0 እና በላይ ከሆነ ኤፍቢአይ በአሜሪካ በጋ (ሰመር) የሚከፈልበት ኢንተርንሺፕ አለው። ማመልከቻው የሚከፈተው ከበጋው በጣም ቀደም ብሎ ስለሆነ አሁኑኑ ቀኑን አረጋግጡ።