የእርሻ አፈር ካርቦን የመያዝ አቅም ካርታ ስትሰሩ ከነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መስሪያ) ላይ የምትሰሩ፣ ቴሲስ የያዛችሁ፣ ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ የግብርና ባለሙያዎች ይሄን አንብቡት። ነገ አንድ ሰው ካርታችሁን ይዞ ገበሬ ጋ ሄዶ "መሬትህ ይሄን ያህል ካርቦን ይይዛል፣ ለያዝከው ካርቦን ይሄን ያህል ብር ታገኛለህ" ሊል ይችላል፣ ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም።

በጣም የሚበዛው ስህተት አሁን ያለውን ካርቦን እንደ አቅም መቁጠር ነው። ካርታው ላይ ጠቆር ብሎ የታየ ቦታ አሁን ብዙ ካርቦን አለው ማለት ነው እንጂ ገና ብዙ ይጨምራል ማለት አይደለም፣ እንደውም ሊሞላ የቀረው ትንሽ ሊሆን ይችላል። አቅም ማለት አሁን ባለውና ያ አፈር በዛ አየር ንብረት ሊይዝ በሚችለው መሀል ያለው ክፍተት ነው። ሸክላነት ያለው አፈር ካርቦኑን አጣብቆ ያቆየዋል፣ አሸዋማው ግን ቶሎ ይለቀዋል።

ክፍተት ስላለ ብቻ ይሞላል ብሎ ማሰብ ደግሞ ሌላው ነው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የዓለም ካርታ ወደ አፈር የሚገባው ካርቦን በ5፣ በ10 ወይም በ20 ፐርሰንት ቢጨምር በ20 ዓመት ምን ይሆናል ብሎ ነው ያሰላው። እሺ፣ ደጋ ላይ ያ 20 ፐርሰንት ከየት ይመጣል? የጤፉ ጭድ የከብት መኖ ነው፣ ቃርሚያው ይጋጣል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ማገዶና መኖ ካልተተካ ሞዴሉ የሚለው ነገር ማሳው ላይ አይደርስም፣ ስለዚህ የማገዶና የመኖ ዳታ ሳይገባ አቅም የሚል ካርታ ባይወጣ ይሻላል።

ስሌቱ ላይ የካርቦኑን ፐርሰንት ብቻ ይዞ መሮጥም አለ። ባልክ ዴንሲቲ፣ ማለትም በቦታው እንዳለ ሳይነካካ የተወሰደ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አፈር ደርቆ ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ የግድ መለካት አለበት። 2 ፐርሰንት ካርቦን ያለው አፈር እስከ 30 ሴንቲሜትር ድረስ ባልክ ዴንሲቲው 1.1 ከሆነ በሄክታር 66 ቶን ካርቦን ነው፣ 1.3 ከሆነ 78 ቶን፣ ልዩነቱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀየር በ3.67 ተባዝቶ 44 ቶን ይሆናል። ዋልካ ላይ ደግሞ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ቁጥሩ ራሱ ስለሚቀያየር ሳምፕሉ መቼ እንደተወሰደና እርጥበቱን ጻፉ። ጠጠሩንም ከስሌቱ ቀንሱ።

የላብራቶሪ ዳታ ስታቀላቅሉም እዩ። ዎክሊ ብላክ በሚባለው በድሮው የኬሚካል ዘዴ የተለካው በአብዛኛው ካርቦኑን ሙሉ በሙሉ አያገኘውም፣ በማቃጠል የሚለካው ደግሞ እንደ ስምጥ ሸለቆ ኖራ ያለበት አፈር ላይ የኖራውንም ካርቦን ጨምሮ ይቆጥራል፣ ሁለቱን ሳታስተካክሉ አንድ ላይ ከከተታችኋቸው ካርታው የሚያሳየው የአፈሩን ሳይሆን የላብራቶሪውን ልዩነት ነው።

ሳምፕል ከመንገድ ዳርና ከጓሮ ብቻ አትውሰዱ። ጓሮው አመድና ፍግ ሲገባበት የኖረ ነው፣ ሩቅ ያለው ማሳ ግን ብዙም አያገኝም፣ የአንዱ ገበሬ ሁለት ማሳ ራሱ አይገናኝም። የቤተ ክርስቲያን ደንንም እንደ ማነጻጸሪያ ጣሪያ አትጠቀሙ፣ በየዓመቱ ደጋግሞ የሚታረስ የጤፍ ማሳ እዛ አይደርስም፣ ይልቅ በደንብ የተያዘ ተመሳሳይ ማሳ ፈልጉ።

በመጨረሻ ፒክስሉ፣ ማለትም ካርታው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጣት ትንሿ አራት ማዕዘን። ለምሳሌ 250 ሜትር በ250 ሜትር ማለት 6.25 ሄክታር ነው፣ ወደ 25 ጥማድ ገደማ፣ ደጋ ላይ የብዙ አባወራ ማሳ በአንዷ ፒክስል ውስጥ አለ፣ ስለዚህ በሷ ቁጥር ለአንድ ገበሬ ክፍያ ማስላት አይቻልም። ወረዳ ለመምረጥ ግን ትጠቅማለች፣ የስህተት መጠኑን የሚያሳይ ካርታ ጎኗ ካለ።