ለዕለት ጋራዥ ሥራ የትኛውን አጭር ኢምፓክት እንግዛ?

ኢምፓክት የምንለው ውስጡ ባለ መዶሻ እየመታ ዳዶና ብሎን የሚፈታና የሚያጠብቅ ማሽን ነው፤ እዚህ የምናወራው በባትሪ ስለሚሠራው ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ለጊዜው እርሱት። መጀመሪያ በቀን ውስጥ የምትፈቱት ዳዶና ብሎን የትኛው እንደሆነ አስቡ። አዳማ ላይ ወደ መካከለኛ ጋራዥ የሚገባው መኪና ይታወቃል። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ዶልፊን፣ ሃይሉክስ፣ በመሀል ባጃጅ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከጅቡቲ መንገድ ጎራ ያለ አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ ነው። ምርጫው መነሳት ያለበት ከዚህ ነው።

የቪትዝና የኮሮላ የጎማ ዳዶ 21 ቁጥር ነው። የሚገባበት ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፋብሪካው የሚያዘው ማጥበቂያ 103 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) ነው። የፍሬን ካሊፐር ማሰሪያው ባለ 17 ቁጥር ብሎን 107 አካባቢ ይጠብቃል። የቪትዝ 1ኤንዜድ ሞተር የክራንክ ፑሊ ብሎን 128፣ ባለ 30 ቁጥሩ የፊት አክስል ዳዶ ደግሞ 216 ነው። እንግዲህ በቤት መኪና ላይ ዘወትር ከምትነኩት ውስጥ ከባዱ ይኸው 216 ነው ማለት ነው። ዝገት የያዘው፣ ወይም ጎሚስታው ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ በእግሩ ቆሞበት ያጠበቀው ዳዶ ግን ሲፈታ የዚህን አንድ ተኩል ወይም እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ በመፍታት ከ400 እስከ 600 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ማሽን ለዕለት ሥራ ይበቃል። ከዚያ በላይ የምትከፍሉበት ነገር ቀኑን ሙሉ እጃችሁ ላይ የሚከብድ ብረት ነው።

ከባድ መኪናን ከዚህ ስሌት አውጡት። የሲኖትራክ የጎማ ብሎን ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማጥበቂያውም 600 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እሱ የሚፈልገው ቡሶላ የሚሰካበት ጫፉ 3/4 ወይም 1 ኢንች የሆነ ማሽን ነው። «አንድ ገዝቼ ለሁለቱም» ያለ ሰው ለቪትዝ የማይገባ፣ ለሲኖ የማይበቃ ማሽን ይዞ ይቀራል። አይሱዙ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በቆዩት ላይ የግራ ጎማዎች ዳዶ ግራ ጥርስ ስለሆነ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ማሽኑ አልፈታም ሲላችሁ ኃይል ከመጨመራችሁ በፊት የብሎኑን ጫፍ አጽድታችሁ የጥርሱን አቅጣጫ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ካርቶኑ ቁጥር እንመለስ። አንድ ማሽን ሁለት የኃይል ቁጥር አለው፤ አንዱ ሲያጠብቅ፣ ሌላው ሲፈታ። ሲፈታ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፤ ሻጭ የሚያነብላችሁም እሱን ነው። ለምሳሌ የማኪታ ዲቲደብሊው300 ሲያጠብቅ 330፣ ሲፈታ 580 ኒውተን ሜትር ነው። የዲዋልት ዲሲኤፍ921 ሲያጠብቅ 406፣ ሲፈታ 610 አካባቢ ነው። ይኸው ዲዋልት ለአሜሪካ ገበያ በተዘጋጀው ካርቶን ላይ 300 እና 450 ተብሎ ታገኙታላችሁ። መለኪያው ፉት ፓውንድ ስለሆነ ነው እንጂ ማሽኑ ያው ነው። ፉት ፓውንዱን በ1.356 ብታበዙት ኒውተን ሜትር ይሰጣችኋል። ሁለቱን ሳይለይ አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ የጻፈ ካርቶን ካገኛችሁ፣ ያ ቁጥር የመፍቻው ነው ብላችሁ ውሰዱት፤ ያውም ባትሪው ሙሉ ሆኖ።

ርዝመቱ ከኃይሉ እኩል ያሳስባል። ዲቲደብሊው300 144 ሚሊ ሜትር፣ ዲሲኤፍ921 ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ላይ ቡሶላው፣ ማለትም ዳዶውን የሚይዘው ጫፍ፣ ይጨመራል። አጭሩ ቡሶላ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለዲቲደብሊው300 ረጅሙን ከሰካችሁ 22 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ካርቶን በዚህ ልክ ቁረጡና የቪትዝ የቀኝ ጎማ ከወለቀ በኋላ በክራንክ ፑሊውና በመኪናው ቦዲ መካከል፣ ከዚያም ከፊት ሾክ አብዞርበሩ የታች ብሎኖች ፊት ለፊት አስገብታችሁ ሞክሩት። ካርቶኑ ካልገባ ማሽኑም አይገባም። ተጣጣፊ መጋጠሚያ እጨምራለሁ ማለት መፍትሔ አይሆንም። ውስጥ ያለው መዶሻ በየምቱ የሚሰጠውን ኃይል ረጅም ማስረዘሚያና ተጣጣፊ መጋጠሚያ እየተጠማዘዙ ይውጡታል፤ ዳዶው ጋ የሚደርሰው ቅሪቱ ነው። ማስረዘሚያ ግድ ከሆነ ባለ 75 ሚሊ ሜትር አጭሩን ተጠቀሙ።

የማሽኑ ጫፍ ግማሽ ኢንች ይሁን። 3/8 ኢንች ቀለል ይላል፤ ለሞተር ዙሪያና ለባጃጅም ይመቻል። አንድ ብቻ የሚገዛ ጋራዥ ግን በግማሽ ኢንች ይጀምር። ቡሶላው የሚያዝበትንም እዩ። አንዳንዱ ጫፍ ቀለበት አለው፤ ቡሶላው በእጅ ተስቦ ይወጣል። ሌላው የሚገፋ ፒን አለው፤ አጥብቆ ይይዛል፣ ለማውጣት ግን ፒኑን በሚስማር መግፋት ያስፈልጋል። በቀን ብዙ ጊዜ ቡሶላ ለሚቀይር ቀለበቱ ይሻላል።

ሞተሩ ካርቦን የሌለው፣ ብራሽለስ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ካርቦን ያለቀበትን ማሽን ፈትቶ መቀየር ጊዜ ያባክናል፣ ሙቀቱም ከፍ ይላል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልጋችሁ የፍጥነት ደረጃ ነው። ቢያንስ ሦስት ደረጃ፣ ጣት ሲለቅና ሲጫን ፍጥነቱን የሚታዘዝ ቃታ፣ ከተቻለም በመፍታት ጊዜ ዳዶው እንደላላ ራሱ የሚያቆም አሠራር ያለው ይሁን። የመጨረሻው ቅንጦት ይመስላል፤ ነገር ግን ዳዶው ተፈናጥሮ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ የሚያደርግ እሱ ነው። አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው ማሽን ለመፍታት እንጂ ለማጥበቅ አትመኑት።

ገንዘባችሁ በብዛት የሚሄደው ባትሪው ላይ ነው። ባለ 18 ቮልት የሚባለው ባትሪ ውስጥ አምስት ሴል በተራ ተያይዟል። እያንዳንዱ 3.6 ቮልት ስለሆነ ድምሩ 18 ይሆናል፤ ሲሞላ ሴሉ 4.2 ስለሚደርስ ድምሩ 21 ነው። ስለዚህ «18»፣ «20» እና «21 ቮልት» የተባሉት ሦስቱም አንድ ናቸው። «88»፣ «188»፣ «388 ቪኤፍ» የሚለው ጽሑፍ ግን ቮልት አይደለም፤ ለማማለል የተለጠፈ ቁጥር ነው።

የአምፒር ሰዓቱን፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘውን መጠን፣ በሚዛን መፈተን ይቻላል። የተለመደው ቀጭን ሴል ከ45 እስከ 48 ግራም ይመዝናል፤ የሚይዘውም ከ2 እስከ 3 አምፒር ሰዓት ያህል ነው። ትክክለኛ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ አሥር ሴል (አምስት አምስት በሁለት ረድፍ) ይይዛል፤ ከሽፋኑ ጋር 600 ግራም ገደማ ይሆናል። ጥቂት አምራቾች ወፍራም ሴል አምስት ብቻ ስለሚያስገቡ የእነሱ ትንሽ ይቀላል። «5» ወይም «15 አምፒር» ተብሎ ከ450 ግራም በታች የሚመዝን ከሆነ ግን ጎረቤት ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡትና ሻጩ ራሱ ይይ። አምስት ቀጫጭን ሴል ያለው ባትሪ ጎማ በሚፈታበት ቅጽበት የሚፈለገውን ፍሰት ብቻውን ይሸከማል። ቮልቱ ይወርዳል፣ ማሽኑ እንዳቃሰተ ይቀራል፤ ሰዎች ግን ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ያደርጉታል። ከማኪታ ጋር የሚገጥሙ ርካሽ ባትሪዎችም ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ሴል ለብቻው የሚከታተል ሰርኪት የላቸውም። አንዱ ሴል ሲደክም ሳይታወቅ ባዶ ይሆንና መላውን ባትሪ ይዞ ይሞታል።

ሁለት ባትሪ ግዙ። ባለ 4 አምፒር ቻርጀር ባዶ የሆነ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪን በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሞላል፤ ባለ 2 አምፒሩ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ልዩነቱ ይታወቃል፤ መብራት ሲመጣ ሁለቱንም ሙሉ። አዳማ ላይ ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መሙላት የለበትም፤ ጥሩ ቻርጀር ራሱ እምቢ ይላል፣ ርካሹ ግን ዝም ብሎ ይሞላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ በሚመታው የሥራ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ። ከሥራ እንደወጣ ጥላ ላይ አስቀምጡትና ሲበርድ ቻርጀር ላይ ስኩት።

ዘመድ ከውጭ የሚልክላችሁ ከሆነ ከማሽኑ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ። ለአሜሪካ የተሠራው በ120፣ ለጃፓን የተሠራው በ100 ቮልት ነው የሚሠራው፤ እኛ ጋ ያለው 220 ነው። «ከ220 እስከ 240» ወይም «ከ100 እስከ 240» የሚል ካልተጻፈበት በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር፣ 500 ዋት ያለው፣ ይበቃዋል። ከዱባይ የሚመጣው በ220 ስለሚሠራ ቀላል ነው። ለመንገደኛው አንድ ነገር ንገሩት፦ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚጫነው፣ በሚለቀቅ ሻንጣ አይደለም። ባለ 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ስለሆነ ችግር የለውም፤ ባለ 6 አምፒር ሰዓቱ ግን 108 ስለሚሆን ከ100 ወሰን በላይ ነው፤ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

አዳማም ሆነ መርካቶ ሶማሌ ተራ ላይ የምትገዙ ከሆነ መኪና ይዛችሁ፣ ባለ 21 ቁጥር ቡሶላና ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ልክ የሚለካ የእጅ ቁልፍ፣ ይዛችሁ ሂዱ። የአንድ ጎማ ዳዶ በቶርክ ሬንች 103 ላይ አጥብቁ። ማሽኑ በመካከለኛ ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ከፈታው ደህና ነው። ቀጥሎ ዝቅተኛውን ደረጃ ፈትኑ። ዳዶውን በእጅ አስገቡ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት መምታት ከጀመረ በኋላ ሁለት ሰከንድ ብቻ አጥብቁና ልቀቁ። ቶርክ ሬንቹን 60 ላይ አድርጋችሁ ጫኑ፣ ዳዶው ሳይንቀሳቀስ ቀጭ ካለ በየ10 እየጨመራችሁ ድገሙ። ዳዶው መንቀሳቀስ የጀመረበት ቁጥር ማሽኑ በዝቅተኛው የሚሰጠው ነው። ከ100 የሚያንስ ከሆነ ለቤት መኪና ጎማ የሚታመን ዝቅተኛ ደረጃ አላችሁ። ከ103 ካለፈ ይህ ደረጃ ለመፍታት ብቻ ነው። በከፍተኛው ደረጃ የማጥበቅ ፈተና ግን በመኪና ብሎን ላይ አታድርጉ፤ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን እጥፉን ሲሸከም ይለጠጣል፤ ዛሬ ባይበጠስ ነገ ይበጠሳል።

ኢንግኮ እና ቶታል የሚባሉት ርካሽ ማርካዎች በየሱቁ ስለሚገኙ መለዋወጫቸውም በቅርብ ነው፤ በጀቱ ጠበብ ካለ እነሱን በዚሁ ፈተና አሳልፋችሁ መውሰድ ከሐሰተኛ ማኪታ ይሻላል። ዋስትና ሲሰጣችሁ በቃል አትቀበሉ፣ ደረሰኙ ላይ የማሽኑ ተከታታይ ቁጥር ይጻፍ።

ቡሶላውን አትርሱ። የሚያብረቀርቀው ክሮም ቡሶላ ለእጅ ቁልፍ ነው፤ ኢምፓክት ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ስብርባሪውም ወደ ዓይን ይመጣል። ጥቁሩን፣ ለኢምፓክት የተሠራውን ግዙ፤ ስድስት ማዕዘን ያለው ይሁን። ለአልሙኒየም ቸርኬ ግድግዳው ቀጭን የሆነ፣ ዙሪያውን ፕላስቲክ የለበሰ ባለ 21 ያስፈልጋል፤ ወፍራሙ የቸርኬውን ቀዳዳ ይፍቀዋል። መነጽርና የጆሮ መሸፈኛም አብሮ ይገዛ።

ሥራ ላይ ስታውሉት ለመፍታት እንደፈለጋችሁ፤ ስታጠብቁ ግን መጀመሪያ በጣት ሦስት አራት ዙር አስገቡ። ጥርሱ ተጣሞ የገባ ዳዶ በእጅ ይከብዳል፤ ኢምፓክት ግን ምንም ሳይል ጥርሱን በልቶ ይወርዳል። ከዚያ በዝቅተኛው ፍጥነት ቸርኬው እስኪቀመጥ ድረስ፣ በመስቀልኛ ቅደም ተከተል። መኪናው ከክሪክ ሲወርድ በቶርክ ሬንች 103 ላይ ጨርሱ። የሃይሉክስና የዶልፊን ማጥበቂያ እንደ ቸርኬው ዓይነት ስለሚለያይ የመኪናውን መመሪያ ተከተሉ። አልሙኒየም ቸርኬ ከሆነ ደንበኛው ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ነድቶ ተመልሶ እንዲያስጠብቅ ንገሩት። ካንዴላ፣ የዘይት መፍሰሻ ብሎንና የቴስታታ ብሎን ኢምፓክት አይነካቸውም። የዘይት መፍሰሻው በአብዛኛው ቶዮታ ላይ 37 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ የዘይት መያዣውን ጥርስ አንዴ ከበላችሁ ለደንበኛው ትከፍላላችሁ። ባጃጅ ላይም ለመፍታት ብቻ፣ በዝቅተኛው።

«ኮምፕሬሰር እያለኝ ለምን ባትሪ?» የሚል ይኖራል። የንፋስ ኢምፓክት ርካሽና ዕድሜው ረጅም ነው፤ ግን ጫፉ ላይ ሲሠራ 6.2 ባር አካባቢ ይፈልጋል። 50 ሊትር ታንክ ካላችሁ ከጥቂት ዳዶ በኋላ ግፊቱ ይወርዳል። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየርም ስስ ነው፤ ፋብሪካው ካወጣው ቁጥር ያነሰ ይሰጣል። ትልቅ ታንክና የውስጡ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ቱቦ ካላችሁ ለጎማ ሥራ እሱን ያዙ፤ ባትሪው ለሞተር ዙሪያና መንገድ ላይ ለቀረ መኪና ይሁን።

የአዳማ አቧራ በማሽኑ አየር መተንፈሻ ገብቶ ሞተሩን ያሞቀዋል። በሳምንት አንዴ መነጽር አድርጋችሁ ባትሪውን አውጡና በዝቅተኛ ግፊት ንፉበት፤ በውሃ ወይም በቤንዚን አታጥቡ። የመዶሻው ድምፅ ደረቅና የሚያንኳኳ ከሆነ፣ የፊት ቤቱም ከቀድሞው ይልቅ ከጋለ፣ ውስጡ ያለው ግሪስ አልቋል። የፊት ቤቱን አራት ብሎን ፈትታችሁ አሮጌውን ጥረጉና ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ በስሱ ቀቡት። ቤቱን ሞልታችሁ ከጠቀጠቃችሁት መዶሻው በግሪሱ ውስጥ ይዋኛል፣ ምቱም ይለሰልሳል።