በእንግሊዝ ገጠር ፐብ አልጋ ይዞ ማደር፦ ከስልኩ እስከ ቁርሱ

ከታች ምድጃው የሚነድ፣ የመንደሩ ሰው የሚሰበሰብበት ባር፤ ከላይ ደግሞ ጥቂት የእንግዳ ክፍሎች። የእንግሊዝ ገጠር ፐብ ሆቴል አይደለም። ሌሊቱን የሚጠብቅ እንግዳ ተቀባይ አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ ወጥ ቤቱም እንግዳ በደረሰ ሰዓት ሁሉ አይከፈትም። (ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶችና ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቀን ምረጡ። ሐሙስ ጥሩ ነው፤ ባሩ ሞቅ ይላል፣ ግን አይጨናነቅም። እሑድ ማታ አልጋው ሊረክስ ይችላል፤ ይሁንና የእሑዱ ጥብስ (የተለመደው የእሑድ የሥጋ ምሳ) ከሰዓት በኋላ ሲያበቃ ብዙ ወጥ ቤቶች ለዕለቱ ይዘጋሉ። ሰኞና ማክሰኞ ምግብ የማያቀርቡም አሉ።

2. ደውሉ። በኢንተርኔት አልጋ መያዝ ይቻላል፤ ዋናው ጉዳይ ግን የሚያልቀው በስልክ ነው።

አስቀድማችሁ የወጥ ቤቱን ሰዓት ጠይቁ። ምሳ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 2:30፣ እራት ከ6 እስከ 9 ነው። 9 ሲባል የመጨረሻው ትእዛዝ የሚወሰድበት ሰዓት ነው። 8:50 ደርሶ፣ ሻንጣ አስቀምጦ፣ ፊቱን ታጥቦ የወረደ ሰው ምድጃው ጠፍቶ ያገኘዋል፤ የመንደሩም ሱቅ ተዘግቷል። የሚቀረው ከባሩ ጀርባ ያለው የታሸገ የድንች ቺፕስና ኦቾሎኒ ነው። ደግሞም አልጋ ያዛችሁ ማለት ጠረጴዛ ያዛችሁ ማለት አይደለም። ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛው በአካባቢው ሰው ቀድሞ ይያዛል። ስለዚህ እዚያው ስልክ ላይ ለ7:30 የእራት ቦታ አስይዙ።

የምትጾሙ ከሆነ «ቪጋን» በሉ። «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ እንቁላልና አይብ ይመጣል። የተጠበሰው ድንችም ይጠየቅ፤ በተለይ በሰሜን እንግሊዝ በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። የተለመደው ቁርስ ባኮን፣ የአሳማ ቋሊማና ከአሳማ ደም የሚሠራ ጥቁር ቋሊማ አለበት። በምትኩ ባቄላ፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲምና ቅቤ ያልተቀባ ዳቦ እንዲቀርብላችሁ ከዋዜማው ንገሩ። ጠዋት ላይ ከነገራችሁ ሁሉም በአንድ መጥበሻ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ከባሩ በላይ ያለውን ክፍል አትቀበሉ። የአሮጌ ቤት የእንጨት ወለል ድምፅ ያሳልፋል፤ ባሩ ደግሞ እስከ 11 ክፍት ሊሆን ይችላል። የጓሮውን ጠይቁ፤ የቀድሞ የፈረስ ጋጣ ታድሶ የተሠራ ክፍል ካለ እሱ ይሻላል። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ትንሽ ቦርሳ ያዙ። በየበሩ ጎንበስ በሉ።

3. መሄጃችሁን አስተካክሉ። እሑድ አውቶቡስ የሌላቸው መንደሮች ብዙ ናቸው፤ ታክሲም መንገድ ላይ አይገኝም፣ ቀድሞ ይያዛል። በብርዱ ወራት መድኃኒትና ወፍራም ልብስ አይለያችሁ። ዮርክሸር ውስጥ 528 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ታን ሂል ኢን የብሪታኒያ ከፍተኛው ፐብ ነው፤ በኖቬምበር 2021 በረዶ መንገዱን ዘግቶ እንግዶቹ ሦስት ሌሊት መውጣት አልቻሉም።

ባሩ ከሰዓት በኋላ የሚዘጋ ከሆነ ቁልፍ ማን እንደሚሰጣችሁ ጠይቁ። ሌሊት የፊት በሩ ስለሚቆለፍ የጎን በሩን ቁልፍ ሳትይዙ ለእግር ጉዞ አትውጡ።

4. ባሩ ላይ እዘዙ። ተቀምጦ አስተናጋጅ የሚጠብቅ ሰው ደጋግሞ ይታለፋል። የጠረጴዛውን ቁጥር አይታችሁ ሂዱ፤ ሂሳቡ በክፍላችሁ ቁጥር እንዲመዘገብ ጠይቁ። የቢራው መለኪያ ፓይንት ይባላል፤ አንዱ 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሹንም ማዘዝ ይቻላል። በእጅ እየተሳበ የሚቀዳው ቢራ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ፣ ጋዙም ቀንሶ ይቀርባል። አሠራሩ ነው፤ አልተበላሸም። መቅመስ ከፈለጋችሁ ይቀዱላችኋል። ለመጠጥ ቲፕ አይጠበቅም፤ ለምግብ ግን ሂሳቡ ውስጥ የአገልግሎት ክፍያ መጨመሩን እዩ።

ውሻ ባሩ ውስጥ የተለመደ ነው። ከከበዳችሁ ውሻ የማይገባበት የመመገቢያ ክፍል ካለ ጠይቁ። እሳቱ ላይ እንጨት አትጨምሩ፤ ባለቤቶቹ ያደርጉታል።

ደወል ሲደወል የመጨረሻው ትእዛዝ ነው።

5. ጠዋት መኪና ከመንዳታችሁ በፊት የማታውን መጠጥ አስሉ። በእንግሊዝ ገደቡ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነው፤ በስኮትላንድ ከ2014 ወዲህ 50። እንቅልፍና ቡና አልኮልን ከደም አያወጡም። ብዙ ከጠጣችሁ ቁርሱን በልታችሁ፣ በእርሻዎቹ መካከል ባለው የእግር መንገድ እስከ ቀትር ተንሸራሽራችሁ፣ ቁልፉን መልሳችሁ ውጡ።